የተማሪዎቹ ድምፅ ማጉያ ይዘጋ ወይስ ይታረም?

(በመርካቶ፣ በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻላችሁ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ እዚህ ድረስ በመምጣታችሁ ኮሚቴው ከልብ ያመሰግናል። ዛሬ የምንነጋገረው ባለፈው ስብሰባ በይደር በቆየው በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ጉዳይ ላይ ነው። እንደምታስታውሱት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የምንኖር ነዋሪዎች «ሚኒ ሚዲያ የሚሉት ነገር ጆሯችንን አደነቆረው፤ ይዘጋልን» የሚል አቤቱታ ጽፈን ብዙ ሰው ፈርሞበታል። እውነቱን ለመናገር ከፈራሚዎቹ መካከል እኛ የኮሚቴው አባላትም አለንበት። ደብዳቤው ወደ ወረዳው ከመሄዱ በፊት ግን «እስቲ መጀመሪያ ሄደን እንየው፤ ስንሰማው ኖርን እንጂ አይተነው አናውቅም» ተባባልንና ለሦስት ቀን ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን መጣን። አሁን የምናቀርበው ያየነውንና የተማከርንበትን ነው። ውሳኔው የእናንተ ነው።

በመጀመሪያ አቤቱታው ያለ ምክንያት አለመጻፉን እንናገር። ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ የሚያድር ዘበኛ የሚተኛው በቀን ነው። አራስ ያለችበት ቤት አለ። ከአልጋ የማይነሣ በሽተኛ ያለበት ቤት አለ። በዚያ ላይ የወያላው ጥሪ፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ በየሱቁ ደጃፍ በሞንታርቦ የሚለቀቀው ማስታወቂያ ሲጨመር ሰው ቢማረር አይፈረድበትም። በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ ደግሞ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በደኅና ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። መርካቶ ደግሞ ሁለቱንም ናት፤ ከፊት ሱቅ፣ ከጓሮ መኖሪያ። አጥር ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ይህን ልክ እንደሚያልፍ ለመናገር መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

ታዲያ ሄደን ምን አየን? ሚኒ ሚዲያ የሚሏት ከደረጃ ሥር ያለች፣ ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ድምፅ እንድትውጥ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፎባታል። አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ አንድ ትንሽ ሚክሰርና ሁለት ማይክሮፎን አሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ገመዱን አጥብቀው ካልያዙለት አይናገርም። መለዋወጫው ከምን አለሽ ተራ እየተለቀመ የመጣ ነው። ልጆቹ በፈረቃ ይሠራሉ። አንዷ ዜና ታሰናዳለች፤ አንዱ ያርማል፤ አንዱ መሣሪያውን ይይዛል፤ አንዷ ታነባለች። የአማርኛ መምህራቸው ደብተሩ ላይ ካልፈረሙ አንዲት ቃል አትወጣም። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ዜናና የዕለቱ ምክር፣ በዕረፍት ሰዓት ጥያቄና መልስ፣ ግጥም፣ ጭውውት፣ ከዚያ ዘፈን። እኛን ያጣላን ዘፈኑ ነው።

ሁለት ማጉያዎች አሉ። አንዱ ወደ ግቢው፣ ሌላው ወደ ሠፈር ዞሮ ተሰቅሏል። «ግቢያችሁ ይብቃችሁ፤ ይህን ለምን ወደኛ አዞራችሁት?» ብለን በቁጣ ጠየቅን። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ እንዲህ ስትል መለሰችልን፦ «ጋሼ፣ እናቴ ከአጥሩ ባሻገር ቡና ትሸጣለች። ማንበብ አትችልም። እናንተ በሰሌዳ ላይ የምትለጥፉትን የምትሰማው እኔ ሳነብላት ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍል ነኝ።»

እኛም ዝም አልን። ከዚያ ልጆቹ ደብተራቸውን አወጡ። ማኅበራችን የለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ በቀን በቀኑ ተገልብጦበታል፤ የጽዳት ዘመቻው፣ የውኃ ፈረቃው፣ የሕፃናት ክትባቱ፣ የዕድሩ ስብሰባ። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው እያነበቡልን ነበር። እኛ የሰማነው ግን ዘፈኑን ብቻ ነው። «ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ ያላነበበ የራሱ ጥፋት ነው» ስንል ስንት ጊዜ ነው? ሰሌዳው የሚናገረው ማንበብ ለሚችል፣ ዓይኑ ለሚያይና በዚያ በኩል ለሚያልፍ ሰው ብቻ መሆኑን እኛ አላሰብነውም፤ አንዲት ተማሪ ግን አስባዋለች።

ወገኖቻችን፤ ሠፈራችን ድምፅ አጥቶ አያውቅም። የቀድሞው አዋጅ በነጋሪት ይነገር ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ወደ ምዕራቡ ከተዛወረ ወዲህ መርካቶ ስታድግ ከየአገሩ የመጣ ሰው ጎን ለጎን ሰፈረ። ዘመድ የሌለው ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ፤ ዕድርም ተቋቋመ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ በየጉራንጉሩ እየዞረ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋል። እስቲ ልብ በሉ፤ ጥሩምባ ነፊው ጮኸ ብሎ የከሰሰው ሰው አለ? የለም። ለምን ቢሉ የሚጮኸው ስለ እኛ ነው። ከእንቅልፍህ ቢቀሰቅስህም የቀሰቀሰህ ለጎረቤትህ ሐዘን ነው። እንግዲህ ሰው የሚጠላው ድምፅን ብቻ አይደለም፤ የማይመለከተውን ድምፅ ነው።

ራዲዮም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. ከአቃቂ ጀመረ፤ በወረራው ተቋርጦ በ1933 ዓ.ም. እንደገና ተነሣ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፋን በየካቲት 1955 ዓ.ም. የተከፈተውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ እናስታውሳለን። በክፍል ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶልን፣ መምህራችን «ዝም በሉ፤ አዳምጡ» እያሉን የተማርንም አለን። ልጆቻችን ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ታዲያ ተማሪው አድማጭ ነበር፤ ድምፁ የሚመጣው ከሩቅ፣ ከላይ ነበር። የሚኒ ሚዲያ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በየትምህርት ቤቱ በክበብነት ሲቋቋም ማይክሮፎኑ ለተማሪው ተሰጠ። ስለ ጎረቤቱ የሚናገረውም ጎረቤቱ ሆነ።

ይህ ነገር በሌላም ዓለም የታየ ነው። በኮሎምቢያ በ1947 እ.ኤ.አ. ሱታቴንዛ በምትባል ገጠር አንድ ወጣት ቄስ በትንሽ ማሰራጫ ጀምረው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች በራዲዮ እየሰሙ ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት ትልቅ ትምህርት ቤት እስከ መሆን ደረሰ። በአሜሪካ በ1948 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ተቋሞች በ10 ዋት ብቻ የሚሠራ አነስተኛ የኤፍ ኤም ጣቢያ ስለተፈቀደ ኮሌጆችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ በተማሪዎቻቸው የሚመራ ጣቢያ ከፈቱ። 10 ዋት ማለት ከአንዲት ደብዛዛ አምፖል አይበልጥም፤ ቢሆንም ለሠፈር ይበቃል። ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ አገራችን ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪዎች አዛውንቱን ፊደል አስቆጥረዋል። ከእኛም መካከል ስሙን መጻፍ የቻለው በዚያን ጊዜ የሆነ አለ። ልጅ ለአዋቂ ቢያነብለት እንግዲህ ነውር አይደለም፤ የቆየ ባለውለታችን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ጥፋት የለም የሚል ንግግር አናደርግም።

ባለፈው ዓመት አንድ የተከበሩ አባት ባረፉ ጊዜ የቀብሩን ሰዓት ልጆቹ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ብለው አነበቡ። ቀብሩ ግን በ9 ሰዓት ነበር። ጥሩምባ ነፊው በትክክል ቢለፍፍም ማለዳ ወደ ሥራ ወጥቶ ያልሰማው ሰው ብዙ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በ6 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን የደረሰ ሰው ፀሐይ ላይ ቆመ። ገሚሱ ወደ ሥራው ተመለሰና ሳይቀብር ቀረ። ቤተሰቡ አዘነ። የሠፈሩም ቁጣ የተጀመረው ያን ቀን ነው፤ የዘፈኑ ነገር በኋላ የተጨመረ ነው።

ይህን ጉዳይ አንሥተን ልጆቹን ስንጠይቃቸው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ከደብተሩ ውስጥ አወጡ። ለጥፈው አስቀምጠዋታል። ወረቀቷ ከእኛው ከኮሚቴው የተላከች ናት። በፊቷ የሟቹ ስም ተጽፏል፤ በጀርባዋ አንድ ቁጥር ብቻ አለ። ወረቀቷን ወደ ላይ ሲገለብጧት 9 የነበረው 6 ሆኗል። «ሰዓት» የሚል ቃል እንኳ አልጻፍንም፤ «ለልጆቹ ስጣቸውና ያንብቡት» ብለን በመንገደኛ እጅ ልከናል። እነሱም ደግመው አልጠየቁም፤ ይህ የእነሱ ጥፋት ነው። የሚበልጠው ጥፋት ግን የእኛ ነበር፤ ይህን ሳንናገር አንድ ዓመት ሙሉ እነሱን ስንወቅስ ቆየን። ዛሬ በቤተሰቡ ፊት ኮሚቴው ይቅርታ ይጠይቃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ ሕግ አውጥተዋል። ሰዓት በቁጥር ብቻ የተጻፈ ወረቀት አይቀበሉም፤ «ዘጠኝ ሰዓት» ተብሎ በፊደል መጻፍ አለበት። ያመጣው ሰው ፊት ጮክ ብለው ያነቡታል፤ እሱም «አዎ» ብሎ ይፈርማል። እኛ አዋቂዎቹ ያልነበረንን ሥርዓት ሠርተዋል ማለት ነው።

ሌላም ያየነው ነገር አለ። ባለፈው የገና ሰሞን፣ ገበያው ጢም ባለበት ቀን፣ አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጇ ከእጇ አመለጣት። እንዲህ ባለ ቀን መርካቶ ውስጥ ልጅ የጠፋበት ሰው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም። ሴትዮዋ እየጮኸች ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሮጠች። ልጆቹ ዘፈኑን አቁመው ቀይ ሹራብ፣ ጥቁር ሱሪ፣ አንድ እግሩ ላይ ጫማ የሌለው ልጅ ብለው በአማርኛ ተናገሩ። ቀጥለው በየቤታቸው የሚናገሩትን ተከፋፍለው በጉራግኛ፣ በስልጥኛና በኦሮምኛ ደገሙት። ሸክም ተሸክሞ ሲያልፍ የነበረ የቀን ሠራተኛ ሰማ። ሸክሙን አስቀምጦ፣ ከቆርቆሮ ክምር ጎን ቆሞ የሚያለቅሰውን ልጅ በእጁ ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት እንድታስተውሉ እንፈልጋለን። ልጆቹ የሕፃኑን ስም በድምፅ ማጉያ አልተናገሩም። «ለምን?» ብንል፣ «ስሙን ከጠራን የሰማ ሁሉ ስሙን እየጠራ አባቱ ነኝ ሊል ይችላል» አሉን። ልብሱን ብቻ ነገሩ፤ ርክክቡ በትምህርት ቤቱ በር፣ ፖሊስ ባለበት ሆነ፤ እናቲቱም ስሙንና በሰውነቱ ላይ ያለውን ምልክት ተጠይቃ ተናገረች። ይህን ብልሃት ሁላችንም ልንይዘው ይገባል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉ የከበደ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየነውን አንረሳም። የስንት ሰው የዕድሜ ልክ ላብ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። መርካቶ ውስጥ እሳት ሲነሣ ሁለት ነገር እኩል ያስፈልጋል። አንደኛው ወደ 939 ቶሎ መደወል ነው። ሁለተኛው መንገድ መልቀቅ ነው። ሰው ለመርዳትም፣ ለማየትም፣ ዕቃውን ለማውጣትም ሲሯሯጥ ጠባቡ መንገድ ይዘጋል፤ የእሳት አደጋ መኪናው ከሰው ጀርባ ይቆማል። «በዚህ በኩል መንገድ ልቀቁ፤ በዚያ በኩል ውጡ» የሚል አንድ የታወቀ ድምፅ ቢኖር ምን ያህል ይጠቅም ነበር! ነገር ግን እውነቱን እንናገር። የእኛ ድምፅ ማጉያ በዚያ ሰዓት ተቆልፎበታል። ቁልፉ ከመምህሩ ጋር ወደ ቤት ሄዷል። እሳት የትምህርት ሰዓት አይጠብቅም። በመሆኑም ጥያቄያችን «ይጮኻል ወይስ አይጮኽም» ብቻ መሆን የለበትም፤ «ባስፈለገ ሰዓት ቁልፉ ማን ዘንድ ነው» የሚለውም አብሮ መነሣት አለበት።

ልጆቹም በበኩላቸው ጥያቄ አቅርበውልናል። «ገመድና ማጉያ ይቅርና ትንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ግዙልን፤ ሰው በየቤቱ በራዲዮና በሞባይል ይስማን፤ ጩኸትም አይኖርም» ብለዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ዕቃውም ቢሆን ከዚህ ገበያ አይጠፋም ይሆናል። ሆኖም አይሆንም ብለናቸዋል፤ ምክንያቱን ለእናንተም እንናገር። የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ለንግድና ለመንግሥት ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ለማኅበረሰብ ራዲዮም ቦታ የሰጠ ሲሆን በኋላ የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም የማኅበረሰብ ጣቢያን ያውቀዋል። ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ያልተፈቀደ ማሰራጫ የሌላውን ጣቢያ ይረብሻል። ከዚህም በላይ ኤፍ ኤም ከሚያበቃበት ከ108 ሜጋኸርዝ ቀጥሎ ያለው ሞገድ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ስለሆነ በደንብ ያልተሠራ ርካሽ ዕቃ ወዲያ ማዶ ሊያፈስ ይችላል። በልጆች ጨዋታ አውሮፕላን አይደናገርም።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ራዲዮ አላቸው፤ የአዲስ አበባው በኤፍ ኤም 99.4 ይታወቃል፤ ተማሪዎችም ሙያውን ይለማመዱባቸዋል። እዚሁ በከተማችን የቆሬ አካባቢ ማኅበረሰብም የራሱን ራዲዮ አቋቁሟል። እንግዲህ የእኛ ልጆች ዛሬ ከደረጃ ሥር የሚማሩት ዜና ማጣራት፣ ሰዓት ማክበርና በደብተር መፈረም ነገ ወደዚያ የሚያደርስ ደረጃ ነው። ማሰራጫ መግዛት ቀላል ነው፤ የሚታመን አንደበት ማግኘት ግን ዓመታት ይፈጃል።

በኮሚቴው ውስጥ ያልተስማማንበትም ነገር አለ፤ አንደብቃችሁም። ልጆቹ በሳምንት አንድ ቀን የጤፍ፣ የዘይት፣ የሽንኩርትና የበርበሬ ዋጋ ለማንበብ ይፈልጋሉ። ከመካከላችን ነጋዴ የሆነው ወንድማችን «ዋጋ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ያነበቡት ከሰዓት በኋላ ውሸት ይሆንና ከደንበኛ ጋር ያጣላናል» ይላል። ከመካከላችን የቤት እመቤት የሆነችው እኅታችን ደግሞ «እኔ ሦስት ተራ ዞሬ የማጣራውን ልጆቹ ቢነግሩኝ ምን አለበት? ዋጋው የሚደበቅ ነገር ነው እንዴ?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁላችንም የተስማማነው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ «ዘይት ሊጠፋ ነው አሉ» የሚል ወሬ በድምፅ ማጉያ መነገር የለበትም። መርካቶ ውስጥ «አሉ» የሚባል ቃል በአንድ ሰዓት ውስጥ ዋጋ ይሰቅላል፤ ያልጠፋውን ዕቃም ያጠፋል። የዋጋውን ጉዳይ እናንተ ተወያይታችሁ ወስኑልን።

«ልጆቹ ከትምህርታቸው ይስተጓጎላሉ» ብላችሁ የምትሰጉ ወላጆች አላችሁ። ስጋቱ ተገቢ ነው። በክበቡ ደንብ መሠረት ማንም ልጅ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አይሠራም፤ በፈተና ሰሞን ክፍሏ ትዘጋለች። እኛ ግን አንድ ነገር ታዝበናል። አንድ ልጅ ለመላው ሠፈር የሚነበብ ወረቀት ሲጽፍ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት አሥር ጊዜ ያያታል። ለመምህር ብቻ ሲጽፍ እንደዚያ አይጠነቀቅም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል።

1ኛ. ወደ ሠፈር የዞረው ማጉያ ለማስታወቂያ ብቻ ይዋል። ዘፈንና ጭውውት በግቢው ማጉያ፣ ለግቢው ብቻ ይሁን። ዘበኛውም ይተኛ፤ አራሷም ትረፍ።

2ኛ. የሠፈር ማስታወቂያ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላና በምሳ ሰዓት ላይ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ5 ደቂቃ ሳይበልጥ ይነበብ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት በሚሰገድበት ሰዓትና በደጃችን አስከሬን ሲያልፍ ማጉያው ዝም ይበል። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው በሚኖሩበት ሠፈር ይህን ማክበር ለልጆቹ አዲስ ትምህርት አይሆንባቸውም።

3ኛ. አንዱ ትልቅ ማጉያ ይውረድና በምትኩ ሦስት ትንንሽ ማጉያዎች በአጥሩ ርዝመት ዝቅ ብለው ይሰቀሉ። ገላጣ ቦታ ላይ ከማጉያው ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ አንዱ ሩቅ ለመድረስ ሲል ቅርቡን ከሚያደነቁር ሦስቱ በየአጠገባቸው በዝግታ ቢናገሩ ይሻላል።

4ኛ. ማኅበሩም ሆነ ዕድሩ የሚልከው ማስታወቂያ በደብዳቤ ይሁን፤ ሰዓቱ በፊደል ይጻፍ፤ የላከው ሰው ይፈርምበት። ስሕተት ቢፈጠር በዚያው ቀን በዚያው ማጉያ እርማት ይነበብ። የጥሩምባ ነፊያችን ሥራ እንደ ጥንቱ ይቀጥላል፤ ልጆቹ የእሱ ረዳቶች እንጂ ምትኮች አይደሉም።

5ኛ. የልጅ መጥፋት ማስታወቂያ ቀደም ብለን እንደተናገርነው ያለ ስም፣ በልብስ ምልክት ብቻ ይነገር። የሰው ገመና፣ ዕዳና የቤተሰብ ጠብ በምንም ዓይነት አይነበብ።

6ኛ. ለአደጋ ጊዜ አንድ ትርፍ ቁልፍ በትምህርት ቤቱ ፈቃድ በዘበኛው ክፍል ይቀመጥ። ከማኅበሩ ሁለት፣ ከመምህራን አንድ ሰው ኃላፊ ይሁኑ። ማንም ሰው ግን አስቀድሞ ወደ 939 ሳይደውል ወደ ማይክሮፎን አይሩጥ።

7ኛ. ከማኅበሩ ሣጥን ለአንድ ማይክሮፎን፣ ለገመድና ለትንንሾቹ ማጉያዎች የሚሆን ገንዘብ ይፈቀድ። ከሱቅ የማስታወቂያ ገንዘብ መቀበል ግን ይቅር። ገንዘብ የሰጠ ሁሉ ነገ «ስለ እኔ ይህን በሉልኝ፤ ያንን ተዉልኝ» ማለቱ አይቀርም። ድምፁ የሠፈሩ ከሆነ ወጪውም የሠፈሩ ይሁን።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

የአቤቱታው ደብዳቤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። አልቀደድነውም፤ የእናንተ ፊርማ ያለበትን ወረቀት የመቅደድ መብት የለንም። ፊርማችሁን እንደያዘ ይቀጥል የምትሉ መብታችሁ ነው፤ ደብዳቤው ነገ ወደ ወረዳው ይሄዳል። ስሜን ሰርዙልኝ የምትሉም ወደ ጠረጴዛው ቀረብ በሉ። እኛ የኮሚቴው አባላት የየራሳችንን ስም ዛሬ ጠዋት ሰርዘናል። ምክንያታችንም ይኸው የተናገርነው ነው። ለጩኸቱ መድኃኒት አለው፤ ማጉያውን ዝቅ ማድረግ፣ ሰዓቱን መወሰን፣ ዘፈኑን መለየት ይቻላል። አንድ ጊዜ «አይመለከታችሁም፤ አርፋችሁ ተቀመጡ» ተብሎ ከሠፈሩ ጉዳይ የወጣን ልጅ መልሶ ማምጣት ግን ከባድ ነው። ነገ ሠፈር ሲቆሽሽ፣ ጎረቤት ሲታመም፣ ዕድር ሰው ሲያጣ «ወጣቱ የት ሄደ?» ብንል መልሱ ከእኛው ደብዳቤ ላይ ይነበባል።

ያቺ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ከኋላ በኩል ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። እናቷም ቡናቸውን ለዛሬ ትተው መጥተዋል። ሐሳብ መስጠት ለሚፈልግ ሁሉ ዕድሉ ክፍት ነው፤ የሚቃወም ደግሞ በተለይ ይናገር።



(ለሰሌዳው አንባቢዎች፦ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ ፍሬ ነገሩን እንድትነግሩት በትሕትና እንጠይቃለን።)